ከጆሮ ግንድ የምትወሰደው መጣፊያ፡ የተቀደደ የጆሮ ታምቡር እንዴት ይጠገናል?



ከመካከላችን የፊት ወንበር ላይ ካልተቀመጠ የመምህሩን ንግግር የማይከታተል፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ሳያደርግ ገላውን የማይታጠብ፣ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ጆሮው መፍሰስ የሚጀምር ተማሪ አይጠፋም። በመድረሳም ሆነ በመንግሥት ትምህርት ቤት አብረውን ከተማሩት መካከል እንዲህ ያሉ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ "ሰነፍ ነው፣ አይሰማም" እየተባሉ ተገሥጸዋል እንጂ ጆሯቸውን ያየላቸው ሰው አልነበረም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተውም ችግሩን ስለለመዱት እንደ በሽታ አይቆጥሩትም። አንዳንዶቹ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ደርሰው "ታምቡርህ ተቀዷል፤ መጣፊያውን ከራስህ ላይ ወስደን እንጠግነዋለን" ሲባሉ ጭንቅላታቸው የሚከፈት መስሏቸው ፈርተው የተመለሱ ናቸው።

እኛ የምህንድስና ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ይህ ጽሑፍም የሐኪምን ምርመራ አይተካም። ነገር ግን አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራና ሲበላሽ እንዴት እንደሚጠገን መጠየቅ የሙያችን ጠባይ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም መጣፊያው ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚወሰድና ለምን እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ እናያለን። በመጨረሻም ከውዱእ፣ ከሶላትና ከፆም ጋር የሚያያዙትን ጥያቄዎች እናነሳለን።

ታምቡር ምን ይሠራል?

የጆሮ ታምቡር በጆሮ ቀዳዳ መጨረሻ ላይ የተወጠረ ስስ ሽፋን ነው። ከዳር እስከ ዳር ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ወረቀት ያህል ማለት ነው። ከኋላው አየር ያለበት ትንሽ ክፍል አለ፤ እሱም መካከለኛው ጆሮ ይባላል። በዚህ ክፍል ውስጥ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተያይዘው ይገኛሉ። እርካብ በሰውነታችን ካሉት አጥንቶች ሁሉ ትንሹ ነው። የእርካቡ ወለል በፈሳሽ የተሞላውን የውስጥ ጆሮ መስኮት ይነካል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ የሚመጣው በአየር ነው፤ የውስጥ ጆሮ ግን ፈሳሽ ነው። ከአየር የመጣ ድምፅ ውሃ ላይ ሲያርፍ ከኃይሉ 99.9 ከመቶ ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚዋኝ ሰው ከዳር ሆኖ የሚጠራውን ጓደኛውን በደንብ የማይሰማው ለዚህ ነው። ታዲያ ጆሮ ይህን ኪሳራ በምን ያካክሳል?

መልሱን ሁላችንም በፊዚክስ ተምረነዋል፤ ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። የታምቡሩ የሚርገበገብ ክፍል 55 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የእርካቡ ወለል ስፋት ግን 3.2 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰፊው ሽፋን የሰበሰበው ኃይል በጠባቡ ወለል ላይ ሲያርፍ ግፊቱ 17 ጊዜ ያህል ይጨምራል። አጥንቶቹ ደግሞ እንደ ማንሻ ስለሚሠሩ ሌላ 1.3 ጊዜ ይጨምሩበታል። ሁለቱ ሲባዙ 22 ጊዜ ያህል ይሆናል፤ በዴሲቤል 27 ገደማ ማለት ነው። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው፤ ሱብሓነላህ!

ታምቡሩ ሲቀደድ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ኃይል የሚሰበስበው ስፋት ይቀንሳል። ሁለተኛና ዋናው፣ ድምፁ በቀዳዳው አልፎ ከታምቡሩ ጀርባም ይደርሳል። አንድን በር ከፊትም ከኋላም እኩል ብትገፉት እንደማይንቀሳቀስ ሁሉ፣ ታምቡሩም በሁለት ወገን ሲገፋ መርገብገቡን ይቀንሳል። ቀዳዳው ትልቅ ሲሆን የመስማት አቅም እስከ 40 ዴሲቤል ሊቀንስ ይችላል። በመደበኛ ድምፅ የሚደረግ ንግግር 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ከዚህ ላይ 40 ሲቀነስ ለሰውየው የሚቀረው ሹክሹክታ ያህል ነው።

ቀዳዳው ለምን በራሱ አይደፈንም?

በጥፊ፣ በድንገተኛ ፍንዳታ ወይም በአጣዳፊ ኢንፌክሽን የተቀደደ ታምቡር ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይድናል። ለዓመታት የቆየው ቀዳዳ ግን የተለየ ነው። ታምቡር ሦስት ንብርብር አለው። ከውጭ ቆዳ፣ ከውስጥ እርጥብ ልባስ፣ በመካከል ደግሞ ጥንካሬ የሚሰጡት ጭረቶች አሉ። ጊዜው ሲረዝም የውጩ ቆዳ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይታጠፍና ከውስጡ ልባስ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ሲገናኙ ሰውነት "ሥራዬን ጨርሻለሁ" ያለ ይመስል ማደጉን ያቆማል። ልክ ለጉትቻ የተበሳ ጆሮ ጠርዙ ድኖ ቀዳዳው እንደሚቀረው ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ቀዳዳ ክፍት በር ነው። ውሃ በገባ ቁጥር ኢንፌክሽን ይነሳል፤ ጆሮው መግል ያፈሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዚህ ዓይነት ጆሮን በሚያፈስ ሥር የሰደደ በሽታ የተያዙ ሰዎች ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን እንደሚገመቱ አስታውቋል። አብዛኞቹ እንደኛ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በሽታው ችላ ሲባል አጥንቶቹን ሊበላ፣ አልፎ አልፎም ወደ አንጎል አካባቢ ሊዛመት ይችላል።

የመጣፊያ ፍለጋ

ሰዎች ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ብዙ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1640 ማርኩስ ባንዘር የተባለ ሐኪም በአሳማ ፊኛ የተሸፈነ ቱቦ ጆሮ ውስጥ ማስገባትን ገልጿል። በ1853 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ቶይንቢ በብር ሽቦ ላይ የተሰካ ክብ ጎማ ተጠቀመ። እነዚህ ቀዳዳውን ይሸፍኑ ነበር እንጂ ከሰውነት ጋር አይዋሐዱም ነበር። በ1878 ጀርመናዊው በርትሆልድ ከሕመምተኛው ቆዳ ወስዶ ቀዳዳውን ለመጣፍ ሞከረ።

ሥራው በእውነት የተለወጠው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1953 የዛይስ ኩባንያ ለቀዶ ሕክምና የሚሆን ማይክሮስኮፕ ለገበያ አቀረበ። ዎልሽታይንና ፀልነር የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞችም በ1950ዎቹ የመካከለኛውን ጆሮ ጥገና በሥርዓት አደራጁ። የሚጠቀሙት ግን ቆዳ ነበር። ቆዳ ደግሞ ወደተተከለበት ሄዶም ቆዳነቱን አይተውም፤ ይቀረፈፋል፣ ይቆጣል፣ ብዙ ጊዜም ተመልሶ ይበሳል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሄርማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከጆሮ በላይ ያለውን የጡንቻ ሽፋን ተጠቀመ። በ1961 ስቶርስ ይህንኑ መንገድ በአሜሪካ አስተዋወቀ። ይህ ሽፋን ዛሬም በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መጣፊያ ነው።

ፋሺያ ምንድን ነው? ለምንስ ተመረጠ?

ፋሺያ ጡንቻን የሚሸፍን ነጭና ጠንካራ ስስ ሽፋን ነው። ለኢድ አል አድሓ ሲታረድ ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ ሥጋው ላይ ተለጥፎ የሚያብለጨልጨውን፣ በቢላ ካልሆነ የማይላቀቀውን ነጭ ስስ ነገር ሁላችንም አይተነዋል። እሱ ፋሺያ ነው። በእኛም ሰውነት ውስጥ አለ።

አሁን ጣታችሁን ከጆሯችሁ በላይ፣ ጆሮ ግንዳችሁ ላይ አድርጉና ጥርሳችሁን ንከሱ። ከጣታችሁ ሥር ተነስቶ የሚወጠረው ጡንቻ ቴምፖራሊስ ይባላል፤ የማኘክ ጡንቻ ነው። ለጆሮ ጥገና የሚወሰደው የዚህ ጡንቻ ሽፋን ነው። የራስ ቅል አይነካም፣ አጥንት አይቆረጥም፣ አንጎል ጋር የሚደርስ ነገር የለም። "ከጭንቅላት ላይ ይወሰዳል" የሚለው አነጋገር የሚያስፈራው ይህ ስለማይብራራ ነው።

የተመረጠባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። አንደኛ፣ ቅርብ ነው፤ ሐኪሙ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይከፍት ጆሮው አጠገብ ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ ከበቂ በላይ ነው፤ ለአንድ ታምቡር ከ2 ሴንቲ ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ቁራጭ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ጠባሳው በፀጉር ይሸፈናል፤ ማኘክንም ለዘለቄታው አያውክም። አራተኛ፣ የራሱ የሰውየው አካል ስለሆነ ሰውነት እንደ ባዕድ አይገፋውም። አምስተኛውና ዋናው፣ ፋሺያ ሕይወቱን ለማቆየት የሚፈልገው ምግብና ኦክስጅን በጣም ጥቂት ነው። ከደም ሥሩ ተቆርጦ ከጀርባው አየር ብቻ ባለበት ክፍተት ላይ ሲዘረጋ አዲስ የደም ሥር እስኪደርሰው ድረስ መቆየት የሚችል ነገር ያስፈልጋል። ፋሺያ ይህን ይችላል።

እንዴት ይወሰዳል?

አወሳሰዱ ከሐኪም ሐኪም በጥቂቱ ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው።

በመጀመሪያ ከጆሮ በላይና በስተኋላ ያለው ፀጉር በጠባቡ ይላጫል። ቦታው ይጸዳና ማደንዘዣ ይወጋል። ማደንዘዣው ብዙ ጊዜ ሊዶኬይን ሲሆን አድሬናሊን ይቀላቀልበታል። አድሬናሊኑ ደም ሥሮችን አጥብቦ መድማትን ይቀንሳል። ሕመምተኛው እንደ ሁኔታው ሙሉ በሙሉ ይተኛል፤ ወይም ነቅቶ እያለ ቦታው ብቻ ይደነዝዛል።

ሁለተኛ፣ ቆዳው ይከፈታል። ሐኪሙ ወደ ጆሮው የሚገባው ከጆሮ ጀርባ ባለው መንገድ ከሆነ ያንኑ ክፍት ወደ ላይ አስረዝሞ ፋሺያውን ያገኘዋል። በጆሮ ቀዳዳ በኩል የሚሠራ ከሆነ ግን ከጆሮ በላይ፣ ፀጉሩ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ለብቻው ይከፍታል።

ሦስተኛ፣ ትክክለኛውን ንብርብር መለየት ነው። ከቆዳው ሥር መጀመሪያ የሚገኘው ላላ ያለ፣ ሲጎትቱት የሚሳብ ስስ ነገር ነው። እውነተኛው ፋሺያ ከዚያ በታች ነው፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅና የማይሳብ። ጀማሪ እጅ እዚህ ላይ ሊሳሳት ይችላል። ላላ ያለውን ንብርብር ራሱን እንደ መጣፊያ የሚጠቀሙ፣ እውነተኛውንም "ምናልባት ወደፊት ቢያስፈልግ" ብለው የሚያቆዩ ሐኪሞችም አሉ።

አራተኛ፣ ማላቀቅ ነው። ብዙ ሐኪሞች ከፋሺያው ሥር ጥቂት የጨው ውሃ ወይም ማደንዘዣ በመርፌ ይጨምራሉ። ፈሳሹ ፋሺያውን ከጡንቻው ላይ እንደ ድንኳን ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ በምላጭ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይከፈታል። በዚያ በኩል ጠፍጣፋ መሣሪያ አስገብተው ፋሺያውን ከጡንቻው ይለያሉ፤ የሚፈለገውን ያህል በመቀስ ቆርጠው ያወጣሉ። ከሥሩ ቀዩ ጡንቻ ሳይነካ ይቀራል። የሚደማ ካለ ይቆማል፤ ቆዳው በኋላ ይሰፋል።

አምስተኛ፣ መጣፊያውን ማዘጋጀት ነው። ቁራጩ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይዘረጋል። የተለጠፈበት የጡንቻ ጭረትና ስብ በምላጭ ጀርባ ተፍቆ ይነሳል፤ ካልተነሳ መጣፊያው ወፍራምና ያልተስተካከለ ይሆናል። ከዚያ ብዙዎች እንዲደርቅ ይተዉታል። እርጥብ ፋሺያ እንደ እርጥብ ሶፍት በመሣሪያ ላይ ይጠቀለላል፤ ለማስተካከልም ያስቸግራል። ሲደርቅ ግን እንደ ብራና ቀጥ ይላል፤ በሚፈለገው ቅርጽም ይቆረጣል። ጆሮው ውስጥ ሲገባ እርጥበት ስቦ ተመልሶ ይለሰልሳል። እርጥቡን የሚመርጡ ሐኪሞችም አሉ። ፋሺያ እየቆየ ሊኮማተር ስለሚችል ከቀዳዳው በሁሉም አቅጣጫ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰፋል።

መጣፊያው እንዴት ይቀመጣል?

ከመጣፉ በፊት ሐኪሙ የቀዳዳውን ጠርዝ በስስ መሣሪያ ይልጠዋል። ቀደም ብለን ያነሳነው የቆዳና የልባስ መገናኛ ሲነሳ ጠርዙ እንደ አዲስ ቁስል ይሆናል፤ ሰውነትም የማዳን ሥራውን እንደገና ይጀምራል። ከዚያ መጣፊያው ብዙውን ጊዜ ከታምቡሩ በስተውስጥ በኩል ይገባል፤ የተቀደደ ልብስ ከውስጥ እንደሚጣፍ ማለት ነው። እንዳይንሸራተት በራሱ ጊዜ በሚሟሟ ስፖንጅ ይደገፋል። ስፌት የለውም።

ፋሺያው ለቀሪው ታምቡር እንደ መወጣጫ ያገለግላል። የሕንፃ ሠራተኛ በመወጣጫው ላይ ቆሞ ግድግዳውን እንደሚያነሳ፣ ቆዳው ከውጭ፣ ልባሱ ከውስጥ በፋሺያው ላይ እየተሳቡ ይገናኛሉ። በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሽፋኑ አንድ ይሆናል።

በአብዛኞቹ የሕክምና ዘገባዎች ከ100 ሰዎች ከ80 በላይ የሚሆኑት ቀዳዳቸው ይዘጋል። ግን ቀዳዳው መዘጋቱና መስማት መሻሻሉ ሁልጊዜ እኩል አይደሉም፤ አጥንቶቹ ከተበሉ ሌላ ጥገና ያስፈልጋል። ፋሺያው የተወሰደበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሲያኝኩ ያማል፤ አልፎ አልፎም ደም ሊቋጥር ወይም ሊያመረቅዝ ይችላል። በጆሮው በኩል መጣፊያው ሊከሽፍ፣ የጣዕም ስሜት ለጊዜው ሊለወጥ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ መስማት ሊጎዳ ይችላል። ፋሺያው ካልያዘ ወይም ቀዳዳው አስቸጋሪ ከሆነ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ካለችው ትንሽ ጉብታ ለምለም አጥንት ከነሽፋኑ መውሰድ ይቻላል። ይህን ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙን መጠየቅ መብታችን ነው።

ውዱእ፣ ሶላትና ፆም

ከራስ አካል ወስዶ ለራስ መጠገኛ ማድረግን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ጂዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ የሚገኘው ጥቅም ከሚያስከትለው ጉዳት የሚበልጥ ከሆነ የተፈቀደ መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ በዚህ በኩል የሚያሳስብ ነገር የለም። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። መደገፊያ ከሚሆኑት ስፖንጆች መካከል ከአሳማ ቆዳ በወጣ ጄላቲን የሚሠሩ አሉ። አማራጭ መኖሩን ሐኪሙን፣ ፍርዱን ደግሞ የምታምኑትን ዓሊም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከመጨነቅ በፊት ማወቅ ይሻላል።

በውዱእ ጊዜ ጆሮን ማበስ በእርጥብ ጣት የሚደረግ ነው፤ ውሃ ወደ ቀዳዳው ማፍሰስ አይደለም። ታምቡሩ የተቀደደ ወንድምም ሆነች እህት ጣትን አርጥቦ የጆሮን እጥፋቶችና ጀርባውን ማበስ ያለ ስጋት ይችላሉ። ገላ ሲታጠቡ በቫዝሊን የተለወሰ ጥጥ ጆሮ ቀዳዳ ላይ ማድረግ ሐኪሞች የሚመክሩት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፋሻ ካለ በፋሻ ላይ የማበስ ሕግ በፊቅህ የታወቀ ነው፤ ዝርዝሩን መጠየቅ አይከብድም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቅላትን ዝቅ ማድረግ ሊያዞር ወይም ሊያስደማ ይችላል። ሐኪሙ ጎንበስ ማለትን ከከለከለ ለታመመ ሰው የተሰጠው ማቅለያ አለ፤ ተቀምጦ መስገድ፣ ሩኩዕና ሱጁዱንም በምልክት ማድረግ ይቻላል። አፍንጫን በኃይል መናፈጥ ከጉሮሮ ወደ መካከለኛው ጆሮ በሚሄደው ቱቦ አየር ገፍቶ መጣፊያውን ሊያነሳው ስለሚችል ክልክል ነው። በውዱእ ጊዜ አፍንጫችንን ስናጸዳም በቀስታ እናድርገው። ማስነጠስ ከመጣ አፍን ከፍቶ ነው። በዚሁ ምክንያት ዑምራ ወይም ሌላ የአውሮፕላን ጉዞ ያሰበ ሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድ መቆየት አለበት።

የጆሮ ጠብታን በተመለከተ ይኸው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ወደ ጉሮሮ የደረሰውን ሆን ብሎ እስካልዋጡት ድረስ ፆም እንደማያበላሽ ወስኗል። ታምቡር ሲቀደድ ጠብታው ወደ ጉሮሮ የመድረስ ዕድል ስላለው ከሌሎች ዑለማዎች ጥንቃቄን የመረጡ አሉ። ከተቻለ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ከልዩነቱ ያወጣል።

ለእህቶቻችን ደግሞ፣ የሚላጨው ጥቂት ፀጉር ስለሆነ በሒጃብ ሥር አይታይም። ፋሻው እስኪወጣ ድረስ ላላ ያለ ሒጃብ መልበስ፣ ስፒልንም ከጆሮ አጠገብ አለመሰካት ይበጃል።

ምን እናድርግ?

ጆሯችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚፈስ ከሆነ ወይም በአንድ ወገን መስማት እየቀነሰ ከመጣ ወደ ግቢው ክሊኒክ ሂዱና የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ ሪፈር ጠይቁ። ምርመራው ቀላል ነው፤ ሐኪሙ በመብራት ጆሮውን ያያል፤ የመስማት ልኬትም ይደረጋል። የጤና አዳም ጭማቂ፣ ዘይት ወይም የእናት ጡት ወተት ጆሮ ውስጥ መጨመርን እንተው። ታምቡሩ ክፍት ከሆነ የፈሰሰው ሁሉ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። ከፋርማሲ በግምት የሚገዛ ጠብታም አደገኛ ነው፤ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች በቀዳዳው ገብተው የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ።

ሌሎቻችን ደግሞ አንድ ሥራ አለን። ስንጠራው የማይዞረውን ጓደኛችንን "ኩራተኛ" ከማለታችን በፊት ጆሮውን እንጠይቀው። በደርስ ጊዜ ደህና የሚሰማበት ጆሮው ወደ አስተማሪው በሆነበት በኩል ቦታ እንልቀቅለት። ሆስፒታል የሚሄድ ቀን አብረነው እንሂድ፤ ያመለጠውን ማስታወሻ እንጻፍለት። ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው አምነን ካደግን፣ መድኃኒቱ ያለበት ድረስ መሄድ የእኛ ድርሻ ነው።

አላህ ለታመሙ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሙሉ ሽፋእ ይስጣቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።